ዲቢኤም ምንድን ነው?

ቱሉ ዲምቱም ይሁን የካ አባዶ፣ በአዲስ አበባ ዳርቻ ቤቱ ኢንተርኔት ያስገባ ሰው ከሚያሰማው ስሞታ ሁሉ የተለመደው «ሳሎን ይሠራል፣ መኝታ ቤት ግን አይሠራም» የሚለው ነው። ስሞታውን የሰማ ሁሉ ደግሞ ሳይለካ መድኃኒት ያዝዛል፤ አንዱ ባለ አራት አንቴና ራውተር ግዛ ይላል፣ ሌላው የዋይፋይ ማራዘሚያ ጨምርበት ይላል፣ ሦስተኛው የኢንተርኔት ፍጥነቱን ወደሚቀጥለው ፓኬጅ አሳድገው ይላል። ሦስቱም ገንዘብ ያስወጣሉ። እኔ ብር ከመውጣቱ በፊት አንድ ቁጥር እንዲነበብ እመክራለሁ፤ ቁጥሩ የሚነገርበት መለኪያ ዲቢኤም ይባላል።

ዲቢኤም የሬዲዮ ሲግናል ተቀባዩ ዘንድ ሲደርስ ምን ያህል ኃይል እንደቀረው ከ1 ሚሊዋት ጋር እያነጻጸረ የሚገልጽ መለኪያ ነው። የስሙ መነሻ የሆነው ዴሲቤል የተወለደው በስልክ ሽቦ ዘመን ነው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1920ዎቹ የአሜሪካው ቤል የስልክ ድርጅት መሐንዲሶች ድምፅ በረጅም ሽቦ ሲጓዝ ምን ያህል እንደሚመናመን ለመለካት አውጥተውት፣ በአሌክሳንደር ግራሃም ቤል ስም ሰየሙት። 0 ዲቢኤም ልክ 1 ሚሊዋት ነው። ከዚያ 10 በጨመረ ቁጥር ኃይሉ 10 እጥፍ ያድጋል፣ 10 በቀነሰ ቁጥር ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል፣ 3 ሲቀንስ ደግሞ በግማሽ ያህል ይጎድላል።

ቤት ውስጥ የምናነበው ቁጥር ሁልጊዜ ነጌቲቭ መሆኑ ብዙ ሰው ያደናግራል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በ2.4 ጊጋኸርትዝ፣ ማለትም ዋይፋይ ከሚሠራባቸው የሬዲዮ ሞገዶች በአንዱ፣ 100 ሚሊዋት ገደማ የሚረጭ የተለመደ ራውተር ሲነሣ 20 ዲቢኤም ነው፣ ጓዳ ያለው ስልክ ጋ ሲደርስ ግን -70 ሊሆን ይችላል። ይህ የ90 ልዩነት ነው፤ በሌላ አነጋገር ስልኩ ራውተሩ ከረጨው ኃይል የሚያገኘው አንድ ቢሊዮንኛውን ብቻ ነው ማለት ነው። ይህን በሚሊዋት እንጻፍ ብንል ከነጥብ በኋላ የሚደረደሩትን ዜሮዎች ስንቆጥር እንውላለን። ነጌቲቭ ስለሆነም ወደ ዜሮ የቀረበው ይበልጣል፤ -50 ከ-70 በሃያ ነጥብ ሳይሆን በመቶ እጥፍ ይሻላል።

ስልክ አናት ላይ የሚታዩት ቅስቶች ይህን ሁሉ ደብቀው ሦስት ወይም አራት ደረጃ ብቻ ያሳያሉ፤ አንዱ ቅስት በስንት ዲቢኤም እንደሚጠፋ የሚወስነውም የስልኩ አምራች ነው። ስለዚህ ሁለት ወንድማማቾች ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ «ሙሉ ነው»፣ ሌላው «ሁለት ብቻ ነው» ቢባባሉ ሁለቱም አልዋሹም። ትክክለኛው ቁጥር በአንድሮይድ ስልክ ላይ ዋይፋይ አናላይዘር በሚባሉት ነፃ መተግበሪያዎች ይታያል። ማክ ኮምፒውተር ላይ የኦፕሽን ቁልፍን ተጭኖ የዋይፋይ ምልክቱን መንካት ይበቃል። ዊንዶውስ በመቶኛ ነው የሚናገረው፤ መቶኛውን ለሁለት አካፍሎ ከውጤቱ ላይ 100 መቀነስ ነው፤ 60 በመቶ ቢል 30 ሲቀነስ 100፣ -70 ዲቢኤም ይሆናል።

የኔን ቤት ልጥቀስ። ራውተሩ ሳሎን፣ ቡፌው ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ነበር፤ ብዙ ቤት እንደሚደረገው ገመዱ እንዳይታይ ተብሎ። ሶፋው ላይ -48 አነበብሁ፣ ኮሪደሩ ላይ -61፣ ከሁለት የብሎኬት ግድግዳ በኋላ ያለው መኝታ ቤት ውስጥ -74። ግቢው ጥግ ያለው ሰርቪስ ቤት የብረት በሩ ሲዘጋ -83 ሆነ፣ በሩ ሲከፈት ወደ -77 ተመለሰ። ከዚያ ራውተሩን ከቡፌው አውጥቼ ከኮሪደሩ አፍ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ ሰቀልሁት፤ መኝታ ቤቱ -66 አለ። ስምንት ነጥብ ትንሽ ይመስላል፣ ግን ስድስት እጥፍ ኃይል ነው፤ ወጪውም አንድ ሚስማርና የባለቤቴ «ገመዱ ታየ» የሚል ቅሬታ ብቻ ነበር።

ቁጥሮቹ የሚተረጎሙበት ልማድ አለ። እስከ -50 ድረስ ያለው እጅግ ጥሩ ነው። እስከ -67 ድረስ የቪዲዮ ጥሪ ሳይንተባተብ ይሄዳል። ከ-70 እስከ -80 ቴሌግራም ይደርሳል፣ ድረ ገጽም እየተጎተተ ይከፈታል፣ ቪዲዮ ግን ይቆማል። ከ-80 በታች መቆራረጥ ይጀምራል፤ ወደ -90 ሲጠጋ ሲግናሉ ከአካባቢው የሬዲዮ ጫጫታ ጋር ተቀላቅሎ መለየት ያቅታል። ሜዳ ላይ ርቀት በእጥፍ ሲጨምር 6 ዲቢ (ዴሲቤል) ይጎድላል፤ ግድግዳ ግን ርቀት አይደለምና የራሱን ቀረጥ ይወስዳል። ፌሮ ያለው ሶሌታ ከተራ ብሎኬት ይብሳል፣ ቆርቆሮና የብረት በር ደግሞ ሲግናሉን ወደመጣበት ይመልሱታል። ውኃ የሞላ ሮቶም መንገድ ላይ ከቆመ ብዙውን ይውጣል። በ5 ጊጋኸርትዝ ገና ከመነሻው በግምት 7 ዲቢ ያህል ያነሰ ይደርሳል፣ በግድግዳም ይበልጥ ይጎዳል፤ ስለዚህ ፈጣኑ 5 ጊጋ ለሳሎን፣ ታጋሹ 2.4 ለጓዳ ቢሆን ይሻላል።

ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ ኢንተርኔቱ ግን የሚጎተት ከሆነ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው። የራውተሩን የራሱን ገጽ፣ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 የሚለውን አድራሻ፣ ይክፈቱ፤ ወዲያው ከተከፈተ ዋይፋዩ ደኅና ነው፣ ችግሩም ከቤቱ ውጭ ባለው መስመር ነው። እሱም ከተጎተተ የጎረቤት ራውተሮች መጨናነቅን ይጠርጥሩ። ኮንዶሚኒየም ላይ ማታ አንድ ሰዓት ሲሆን ሃያ ራውተር በአንድ ቻናል (የሞገዱ አንድ ቁራጭ) ላይ ሊደራረብ ይችላል፤ በ2.4 ጊጋኸርትዝ ሳይነካኩ ጎን ለጎን መሥራት የሚችሉት 1፣ 6 እና 11 ናቸውና ከሦስቱ ባዶ የሚመስለውን መምረጥ ነው።

አሁን ወደ ግዢው። ባለ ብዙ አንቴናው ራውተር ሱቅ ውስጥ ግርማ አለው፤ ነገር ግን የአንቴናው ብዛት በአብዛኛው የሚያመለክተው በአንድ ጊዜ የሚላኩትን የመረጃ ጅረቶች እንጂ ርቀትን አይደለም። ኃይሉ ቢጨምርም ግንኙነት የሁለት ወገን ነው፤ ራውተሩ ከሳሎን ቢጮህ ስልኩ ከሰርቪስ ቤት የሚመልሰው በሹክሹክታ ነው። ማራዘሚያ ይጠቅማል፣ ግን ሰዎች የሚሰኩት ሲግናል በሞተበት ክፍል ነው፤ -83 የሰማ ማራዘሚያ የሚያስተላልፈውም ያንኑ የተቆራረጠ ነገር ነው። ቦታው በመካከል፣ ከ-65 እስከ -70 በሚነበብበት ነው፤ ያም ሆኖ በአንድ ሬዲዮ ተቀብሎ በዚያው የሚልክ ከሆነ ፍጥነቱ በግማሽ ያህል ይወርዳል። ለሰርቪስ ቤት የኔ ምርጫ ኬብል ነው። ተራ የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ ይሄዳል፣ ጫፉ ላይ መሳቢያ ውስጥ የተኛ አሮጌ ራውተር ይሰካበታል፤ የብረት በሩ ቢዘጋም ባይዘጋም ለኬብል ግድ የለውም።

ፋይበር ያልደረሰበት ሰፈር፣ በሲም ካርድ የሚሠራውን የ4ጂ ራውተር የሚጠቀም ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር ይጠንቀቅ፤ በራውተሩ ገጽ ላይ ሌላ ዲቢኤም ያገኛል፣ እሱም ከማማው የሚመጣውን ሲግናል የሚለካ ነው። ይህኛው ቁጥር የሚለካው ከሙሉው ሞገድ ላይ አንዲት ጠባብ ክፍልፋይ ተወስዳ ስለሆነ ሚዛኑ ሌላ ነው፤ -95 ለዋይፋይ ሞት ሲሆን ለ4ጂ ግን የሚሠራበት ነው፣ የሚያሳስበው ከ-110 በታች ሲወርድ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ደግሞ ራውተሩን ወደተለያየ አቅጣጫ ይጎትቱታል፤ ማማው መስኮት ዳር ሁን ይለዋል፣ ቤተሰቡ መሀል ቤት ሁን ይለዋል። የ4ጂ ራውተሩን የማማው ቁጥር ከፍ በሚልበት መስኮት ላይ ትቶ፣ ከእሱ በኬብል ኮሪደር ላይ ወደተሰቀለ ሌላ ተራ ራውተር ማሻገር ሁለቱንም ያስታርቃል።