ስለ ቢቢሲ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የራዲዮ ጣቢያ ኦርኬስትራ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በዜናና በዜና መሃል ያለውን ሰዓት የሚሞላ ቡድን ነው። ስለ ቢቢሲ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ደጋግሜ የምሰማቸውን አባባሎች አንድ በአንድ አንስቼ እውነቱን ልጻፍ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ጥሩዎቹ ሙዚቀኞች ሌላ ቦታ ነበሩ፤ ራዲዮው የሰበሰበው የተረፉትን ነው»

ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ይህን ለመረዳት በዚያ ዘመን የለንደን ሙዚቀኛ በምን ይተዳደር እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል። አብዛኛው ደመወዝተኛ አልነበረም፤ የሚከፈለው በሠራበት ቀን ነው። ስለዚህ ለአንድ ኮንሰርት እሺ ካለ በኋላ የተሻለ የሚከፍል ከመጣ፣ በእሱ ቦታ ምትክ ሰው ይልክና ወደተሻለው ይሄዳል። ልምምድ ላይ የነበረው ቫዮሊን ተጫዋች ኮንሰርቱ ላይ የለም፤ ኮንሰርቱ ላይ የተቀመጠው ደግሞ ልምምዱን አላየውም። በ1904 በሙዚቃ መሪው ሄንሪ ዉድ ኦርኬስትራ ውስጥ ምትክ መላክ ሲከለከል ወደ 40 የሚጠጉ ሙዚቀኞች ጥለው ወጡና የለንደን ሲምፎኒ ኦርኬስትራን መሠረቱ። ልማዱ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ከዚህ ይታያል።

ቢቢሲ በ1930 የራሱን ኦርኬስትራ ሲያቋቁም 114 ሙዚቀኞች ነበሩት፤ በቋሚነት ቀጥሮ ደመወዝ ይከፍላቸው ጀመር። ገንዘቡ የሚገኘው አድማጩ ለራዲዮ ፈቃድ በዓመት ከሚከፍለው 10 ሽልንግ ነው። ኦክቶበር 22 ቀን 1930 በኤድሪያን ቦልት መሪነት በለንደኑ አዳራሽ በኩዊንስ ሆል የመጀመሪያውን ኮንሰርት ያቀረበው ቡድን አብሮ የተለማመደ ቡድን ነበር። ዛሬ ተራ ነገር ይመስላል፤ ያኔ ግን ለንደን እምብዛም የማታውቀው ነገር ነው። በ1935 ዝነኛው ጣሊያናዊ የሙዚቃ መሪ አርቱሮ ቶስካኒኒ መጥቶ መራው፤ ከዚያም ተመላልሶ መጣ። በልምምድ ላይ በቁጣው የታወቀው ቶስካኒኒ የተረፉትን ለመምራት ባሕር አይሻገርም ነበር።

«ፕሮምስን የፈጠረው ቢቢሲ ነው»

አይደለም። ፕሮምስ በየበጋው ለንደን ውስጥ የሚካሄድ ተከታታይ ኮንሰርት ነው፤ የተጀመረው በ1895 ነው፤ ያኔ ራዲዮ የሚባል ጣቢያ አልነበረም። ቢቢሲ የተረከበው በ1927፣ ቀድሞ ገንዘቡን ሲያወጣ የነበረው ድርጅት እጁን ሲሰበስብ ነው።

«ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ኦርኬስትራው ተበተነ»

ብዙ ወጣቶች ወደ ውትድርና ሄዱበት፤ ግን አልተበተነም። በ1939 ከለንደን ወደ ብሪስቶል ተዛወረ። (አፄ ኃይለ ሥላሴ በስደት ይኖሩባት የነበረችው ባዝ ከብሪስቶል 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ትርቃለች። ኦርኬስትራው እዚያ ሲደርስ ንጉሡ ገና ባዝ ነበሩ። ካርታውን ሳይ ሁሌም ይገርመኛል።) ብሪስቶል ራሷ በቦምብ ስትደበደብ ደግሞ በ1941 ወደ ቤድፎርድ ሄደ። በዚያው ዓመት ሜይ ላይ የመጀመሪያውን ኮንሰርት ያቀረበበት ኩዊንስ ሆል በአንድ ሌሊት ተቃጥሎ አለቀ። አዳራሹ እንደገና አልተሠራም፤ ኦርኬስትራው ግን ከቤድፎርድ ሆኖ በራዲዮ መሰማቱን ቀጠለ።

«የሚጫወተው ጆሮ የለመደውን ብቻ ነው»

ይህ በጣም የሚያሳዝነኝ ስህተት ነው፤ የኦርኬስትራው ትልቁ ሥራ እዚህ ላይ ነውና። ትኬት ሸጦ የሚያድር ኦርኬስትራ አዳራሹ ባዶ እንዳይሆን ይፈራል። ደመወዙ በአድማጩ ክፍያ የተሸፈነለት ግን ማንም ያልሰማውን ሙዚቃ መሞከር ይችላል፤ ይህም ሞክሯል። የሙዚቃ ደራሲው ሾንበርግ በ1931 የራሱን ሥራዎች መርቶበታል። በ1936 የሙዚቃ ደራሲውን የአልባን በርግን የቫዮሊን ኮንቸርቶ (ለአንድ ቫዮሊን ተጫዋችና ለኦርኬስትራ የተጻፈ ሙዚቃ) ለብሪታንያ አድማጭ በመጀመሪያ ያሰማው ይኸው ኦርኬስትራ ነው፤ መሪው የሟቹ የበርግ ወዳጅ አንቶን ቬበርን ነበር።

ከሁሉም የምወደው ግን የሂንደሚትን ታሪክ ነው። ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ በጃንዋሪ 1936 ከኦርኬስትራው ጋር ቪዮላ (ከቫዮሊን ጥቂት የሚበልጥ መሣሪያ) ሊጫወት ለንደን መጥቶ ሳለ ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ አረፉ። ኮንሰርቱ ተሰረዘ። ታዲያ ምን ይጫወት? በማግስቱ ቢቢሲ ቢሮ ሰጠው፤ እሱም ተቀምጦ በ6 ሰዓት ውስጥ ለቪዮላና ለባለ አውታር መሣሪያዎች የኀዘን ሙዚቃ ጻፈ። በቀጣዩ ቀን ራሱ ቪዮላውን ይዞ፣ ቦልት እየመራ፣ ከስቱዲዮ በቀጥታ ለአገሩ ሁሉ ተሰማ። ቋሚ ኦርኬስትራ ባይኖር በአንድ ቀን ማን ተሰብስቦ ያጫውተው ነበር?

«ቦልት በራሱ ፈቃድ ጡረታ ወጣ»

አልወጣም፤ አስወጡት። የቢቢሲ ሠራተኛ በ60 ዓመቱ ጡረታ ይወጣ ነበር። የመጀመሪያው ዋና ዳይሬክተር ጆን ሪዝ ሕጉ ቦልትን እንደማይመለከት ቃል ገብተውለት ነበር፤ ግን ሪዝ ከሄዱ ቆይተዋል፣ ቃሉም አብሯቸው ሄዷል። በ1950 ተሰናበተ። ኦርኬስትራውን ከምንም ተነሥቶ ለገነባ ሰው ይህ አይገባውም ነበር። በዚያው ዓመት ሌላው ኦርኬስትራ የለንደን ፊልሃርሞኒክ ዋና መሪ አድርጎ ወሰደው፤ ከዚያ በኋላም ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ኦርኬስትራዎችን መርቷል።

«የሕዝብ ስለሆነ ማንም አይነካውም»

በ1980 ቢቢሲ ወጪ ለመቀነስ ከኦርኬስትራዎቹ አምስቱን ለመዝጋት ሲያቅድ ሙዚቀኞቹ ሥራ አቆሙ። የዚያ ዓመት ፕሮምስ በሰዓቱ አልተጀመረም፤ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ኮንሰርቶች ተሰረዙ። ሊዘጋ የነበረው የስኮትላንዱ ኦርኬስትራ ተረፈ።

በ2023 ነገሩ ተደገመ። ከ1924 ጀምሮ የነበሩትን የቢቢሲ ዘማሪዎች ለመበተን፣ ሲምፎኒውን ጨምሮ በእንግሊዝ ካሉት ኦርኬስትራዎች ቋሚ ሥራዎች ደግሞ 20 በመቶ ገደማ ለመቀነስ ታሰበ። በ1930 በቋሚ ደመወዝ የተፈታው ችግር በሌላ በር ሊመለስ ነበር። ተቃውሞው ከሙዚቀኞችም ከአድማጮችም መጣ፤ ዘማሪዎቹን የመበተኑ ውሳኔ በሳምንታት ውስጥ ታገደ።