ለቆየ ስፖርት መኪና ኢንጀክተር ፍለጋ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ለቆየ ቶዮታ ሴሊካ ወይም ቢኤምደብሊው ኢንጀክተር (ቤንዚን ወደ ሞተሩ የሚረጨውን ዕቃ) የሚፈልግ ሰው ከመለዋወጫ ሻጭ ቶሎ የሚሰማው «ይሆናል፣ ይገባል» የሚል መልስ ነው። መግባቱስ ይገባል። የሞተሩ ኮምፒውተር ይቀበለው እንደሆነ ግን ማንም አይነግረውም።

«ቀዳዳው ላይ ከገባ ይሠራል»

ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣው ስህተት ይህ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራ የቤንዚን ኢንጀክተር ውስጡ ጥቅል ሽቦ ያለበት ቫልቭ ስለሆነ መጀመሪያ የሚታየው የሽቦው ኦም (የኤሌክትሪክ ተቃውሞው መጠን) ነው። ቁልፉ ተዘግቶ ስፒናው ይነቀል፣ ቴስተሩ 200 ኦም ላይ ይደረግ፣ ሁለቱ እግሮች ይነኩ። ከ11 እስከ 16 ኦም ካነበበ ከፍተኛ፣ ከ2 እስከ 4 ከሆነ ዝቅተኛ ነው። በ14 ቮልት፣ 14 ኦም ያለው ኢንጀክተር 1 አምፔር ይስባል፤ 2.5 ኦም ያለው ግን ከ5 አምፔር በላይ። ለከፍተኛው የተሠራ ኮምፒውተር ላይ ዝቅተኛው በቀጥታ ከታሰረ ውስጡ ያለው ትራንዚስተር ይቃጠላል። ኮምፒውተር ፈልጎ ማግኘት ደግሞ ከኢንጀክተሩም ይብሳል።

ተቃራኒውም አለ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የወጡ እንደ ሴሊካ ጂቲ-ፎር ያሉ ባለ ቱርቦ መኪናዎች ዝቅተኛ ኦም ያላቸው ኢንጀክተሮች ነበሯቸው፤ መሐል ላይ የመከላከያ ሬዚስተር ሳጥን አለ። በእነዚህ ላይ ከፍተኛ ኦም ያለው ሲገባ ሳጥኑ ካልታለፈ ቮልቱ ይቀንስና ኢንጀክተሩ ዘግይቶ ይከፈታል። ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሞተሩ የሚንቀጠቀጠው ከዚህ የተነሳ ሊሆን ይችላል።

ቤንዚን እንዳያፈስ የሚይዘው የጎሚኒ ቀለበት (ኦሪንግ) ልክም ይታይ። ብዙዎቹ የቆዩ የቦሽ ኢንጀክተሮች ከላይ 14 ሚሊ ሜትር ኦሪንግ አላቸው፤ ብዙ የጃፓን መኪናዎች ላይ ያለው 11 ነው። ልዩነቱን ወፍራም ጎሚኒ ደርቦ ማጣበቅ 3 ባር ግፊት ያለው ቤንዚን በጋለ ሞተር ላይ እንዲረጭ መፍቀድ ነው። ቤንዚን በጎኑ የሚገባበት ኢንጀክተር ደግሞ (የቆየው የኒሳን ኤስአር20 ቱርቦ ሞተር ላይ ያለው እንዲህ ነው) ከላይ በሚገባበት ዓይነት ዝም ብሎ አይተካም፤ የቤንዚን ማከፋፈያ ቱቦውም መቀየር አለበት።

«ደሴ ከፍታ ስለሆነች ትልቅ ኢንጀክተር ይሻላል»

ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ወለል በሩብ ያህል ይሳሳል። ሞተሩ የሚያገኘው አየር ሲቀንስ የሚፈልገው ቤንዚንም ይቀንሳል። ትልቅ ኢንጀክተር የሚያመጣው ጥቁር ጭስና ጥላሸት የለበሰ ካንዴላ ነው፤ ትርፉ ቤንዚን ወደ ታች ወርዶ የሞተር ዘይቱንም ያቀጥናል። መኪናው በደሴና በኮምቦልቻ መሐል ያለውን የሐረጎን ዳገት አልወጣ ካለ አየር ማጣሪያውን፣ የቤንዚን ፖምፓውን ግፊትና ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ሰዓት አስቀድሞ ማየት ነው።

«ሲሲው ከተመሳሰለ በቃ»

ሲሲ (ኢንጀክተሩ በደቂቃ የሚረጨው መጠን) ያለ ግፊት ትርጉም የለውም። አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው በ3 ባር ሲሆን፣ ግፊቱ ሲቀየር ፍሰቱ በግፊቶቹ ሬሾ ስኩዌር ሩት ልክ ይቀየራል። በ3 ባር 250 ሲሲ በደቂቃ የሚሰጠው በ2.5 ባር 228፣ በ4 ባር 289 ገደማ ይሰጣል። ሻጩ «250 ነው» ካለ በስንት ባር እንደሆነ ይጠየቅ። የሚረጭበት ቅርጽም ይለያያል፦ በሲሊንደር ሁለት የመግቢያ ቫልቭ ያለው ሞተር ብዙውን ጊዜ ለሁለት የተከፈለ ርጭት ይፈልጋል፤ አንድ ቀጥ ያለ ርጭት በሁለቱ መግቢያዎች መሐል ያለውን ግድግዳ ያረጥባል።

«ቀለሙ አንድ ነው»

ቀለም ማስረጃ አይሆንም፤ ቁጥሩ ነው የሚነበበው። ቦሽ ላይ 0 280 150 ብሎ የሚጀምር የቆየው ዓይነት ነው፤ 0 280 158 አዲሱ ሲሆን ስፒናውና ቁመቱ ሊለይ ይችላል። ቶዮታ ላይ 23250 ወይም 23209 የሚለው መነሻ «ኢንጀክተር» ከማለት አያልፍም፤ የየትኛው ሞተር እንደሆነ የሚናገሩት ቀጥለው ያሉት አምስት አኃዞች ናቸው።

«ካልረጨ ሞቷል»

ብዙ ጊዜ ለረጅም ጊዜ በመቆም የደረቀ ቤንዚን የደፈነው ነው። ኦሙ ትክክል ከሆነ ጥሩ ዕድል አለው፤ በአልትራሶኒክ (በድምፅ ሞገድ በሚያጥብ ማሽን) ይታጠብ፣ ከላይ ያለችው ትንሿ ማጣሪያና ኦሪንጎቹ ይቀየሩ። ባትሪ በቀጥታ አገናኝቶ መያዝ ግን ጥቅሉን ያቃጥላል፣ በተለይ የዝቅተኛውን ኦም፤ መሞከር ያለበት ነካ ነካ እያደረጉ ነው። ከታጠበ በኋላ ሁሉም በአንድ ግፊት ለ30 ሰከንድ በመለኪያ ብርጭቆ ይረጩ፤ ከሌሎቹ በግልጽ የሚለየው ይወጣል። ያገለገለ ሲገዛም ይህ ምርመራ አይታለፍ።

«ሁሉም ኢንጀክተር በኤሌክትሪክ ነው»

እንደ ፖርሽ 911 ኤስሲ ያሉ ኬ-ጄትሮኒክ (የቦሽ የቆየ ሜካኒካል የቤንዚን መርጫ ሥርዓት) ያላቸው መኪናዎች ኢንጀክተር ስፒና የለውም፤ የሚከፍተው 3.5 ባር አካባቢ የሚደርስ የቤንዚን ግፊት ነው። በኤሌክትሪክ ኢንጀክተር አይተካም።

ሲገጠም አዲሱ ኦሪንግ ንጹሕ የሞተር ዘይት ይቀባ፤ ሲሊኮን አይሆንም። ኢንጀክተሩ በጣት ሲዞር መዞር አለበት፤ ካልዞረ ጎሚኒው ተቆንጥጧል። ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ፖምፓው ግፊት እንዲሰጥ ተደርጎ እያንዳንዱ መጋጠሚያ በባትሪ መብራት ይታይ። ጠብታ ከታየ ሞተሩ አይነሳም።