ስለ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ የሚወራው እና እውነታው

በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ ናቸው። ሁሉም የሚኖሩት ኢትዮጵያ ውስጥ ነው፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ተራሮች ላይ። የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እነሱን ለማትረፍ እየሠራ ነው። ስለዚህ ሥራ ግን ብዙ የተዛባ ነገር ይወራል።

«በግ ይጨርሳል»

ባሌ ላይ የቀበሮው ኩስ ተመርምሮ የተገኘው ከ95 በመቶ በላይ አይጥና ፍልፈል ነው። አልፎ አልፎ ግልገል አይነካም ማለት አይደለም፤ በተለይ በሰሜኑ ተራሮች እረኛ ከራቀ ይነካል። ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ጓሳ ላይ ግን የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ መሃል ገብቶ አይጡን ሲለቅም ይታያል። አጠገቡ ያሉትን የጭላዳ ግልገሎች ዞር ብሎም አያይ።

«ጠላቱ አዳኝ ነው፤ ውሻ መከተብ ምን አገናኘው?»

«ለቀበሮ የሰጠሁት ብር እንዴት የውሻ መርፌ ይሆናል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን የሥራው እምብርት ነው።

ቀይ ቀበሮን በጅምላ የሚፈጀው ጥይት ሳይሆን የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ከብት ወደ ደጋው ሲወጣ ውሻውም ይከተላል፤ በሽታውም አብሮ ይወጣል። ቀይ ቀበሮ አይጥ የሚያድነው ብቻውን ቢሆንም የሚኖረው በቤተሰብ ነው። አብረው ይተኛሉ፣ ጠዋት ሲገናኙ ይላላሳሉ። አንዱ ከታመመ ቤቱ አለቀ ማለት ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. በተነሳው ወረርሽኝ ባሌ ውስጥ ዌብ ሸለቆ ከነበሩት ሦስት አራተኛ ያህሉ አልቀዋል። በ2008 እና በ2014 እ.ኤ.አ. ደግሞ ተመልሶ መጣ።

ስለዚህ ባለሙያዎቹ መንደር ለመንደር እየዞሩ ውሻ ይከትባሉ። ይሄ ለነዋሪውም ይጠቅማል። ያበደ ውሻ ሰውም ከብትም ይነክሳላ!

«እንግዲያው ቀበሮዎቹን ሁሉ መከተብ ነው»

አያስፈልግም። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንዳሳየው ቦታው በደንብ ከተመረጠ ከ20 እስከ 40 በመቶውን መከተብ ዝርያውን ከመጥፋት ሊያድን ይችላል። ደግሞም እያንዳንዱን ይዞ መርፌ መውጋት ከባድ ነው። ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ክትባቱ የፍየል ሥጋ ውስጥ ተደብቆ በሌሊት ይጣልላቸዋል። በልተው ይሄዳሉ፣ ተከተቡ ማለት ነው። ዘዴው ብልህ ነው።

«ሰብስቦ መካነ እንስሳት ውስጥ ማራባት ይቀላል»

በዓለም ላይ አንድም መካነ እንስሳት ቀይ ቀበሮ የለውም። ቢራቡስ የት ይለቀቃሉ? እርሻው በየዓመቱ ሽቅብ እየወጣ ነው።

«ለቀበሮ ብስኩት መወርወር ምን ክፋት አለው?»

ባሌ ተራሮች ውስጥ ባለው የሳነቴ አምባ ላይ መንገዱ መኖሪያቸውን ሰንጥቆ ያልፋል። ምግብ የለመደ ቀበሮ መኪና ይጠብቃል፤ መኪናውም ይገጨዋል። ፎቶ አንሱና እለፉ።

«ጥበቃ ፈረንጅ ያመጣው ነገር ነው»

ይሄኛው ያናድደኛል። የመንዝ ሰው የጓሳን መሬት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሱ ሕግ ሲጠብቅ ኖሯል። ቦታው ለዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ ይከፈትና ለቤት ክዳንና ለገመድ ይታጨዳል። ሣሩ ሲጠበቅ አይጡ፣ አይጡ ሲኖር ቀበሮው ይኖራል። የድሮው ሥርዓት ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ፈረሰ። ዛሬ ጓሳን የሚያስተዳድረው የአካባቢው ማኅበረሰብ በመረጠው ኮሚቴ ነው።