የግል የፎቶግራፍ ሥራ ምንድን ነው? ቤተሰብን፣ እናትነትንና ሐዘንን በካሜራ መመርመር

የግል የፎቶግራፍ ሥራ የሚባለው ፎቶ አንሺው ማንም ሳያዝዘው፣ ከገዛ ሕይወቱ የተነሳ አንድ ጥያቄ ይዞ ለወራት ወይም ለዓመታት እየተመላለሰ የሚያነሳቸው፣ በኋላም መርጦና አሰናድቶ አንድ ላይ የሚያቆማቸው ፎቶዎች ናቸው። ጉዳዩ ቤተሰብ ሲሆን ከአልበም ጋር ይምታታል፤ ካሜራው ያው፣ ሰዎቹም እነዚያው ናቸውና። ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው። አልበም በዓሉን ይመዘግባል፤ ሠርግ፣ ክርስትና፣ ዒድ፣ ምርቃት። ሁሉም ለብሶና ተሰልፎ ወደ ካሜራው ያያል። የግል ሥራ የሚጀምረው አልበሙ ዘሎ ካለፈው ነው፤ ከሠርጉ ማግስት ባዶ ከቀረው የልጅቷ አልጋ፣ እናት ብቻዋን ቡና ከምታፈላበት ከሰዓት፣ ከአርባው በኋላ ድንኳኑ ተነቅሎ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ከሄደበት ሳምንት።

የሥራው ወገብ ጥያቄው ነው። «እናትነት» ወይም «ሐዘን» የሚል ርዕስ ብቻ ይዞ የተነሳ ሰው 500 ፎቶ ካነሳ በኋላም የሚያገናኛቸው ነገር ያጣል። ጥያቄው ካሜራ ሊመልሰው የሚችል መሆን አለበት። መለኪያው ቀላል ነው፤ ቦታ አለው? ሰዓት አለው? የሚታይ ነገር አለው? ለምሳሌ፣ ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ1902 ከባቡሩ ጋር የተቆረቆረች ከተማ በመሆኗ አባት ወይም አያት የባቡር ሠራተኛ የነበረባቸው ቤቶች ጥቂት አይደሉም። «አባቴ» ማለት ለፎቶ በጣም ሰፊ ነው። «አባቴ ከሥራ ሲመለስ ይቀመጥበት የነበረው በረንዳ ላይ ከሞተ በኋላ ማን ተቀመጠ?» ግን ሦስቱንም ያሟላል።

እንዲህ ያለ ጥያቄ መደጋገምን ይጠይቃል። በሳምንት አንድ ቀን፣ በዚያው ሰዓት፣ ከዚያው ቦታ፣ በዚያው ሌንስ ይነሳል። የማቆሚያው እግሮች የሚያርፉበት ወለል ላይ በፕላስተር ምልክት ማድረግና የካሜራውን ከፍታ በሜትር ለክቶ መጻፍ ብዙ ይጠቅማል። አንሺው ቦታውን ከቀያየረ ተመልካች የሚያየው የአንሺውን መንቀሳቀስ ነው። ቦታው ከጸና ግን ወንበሩ ግማሽ ክንድ መጠጋቱ፣ ጋቢው ከመስቀያው መነሳቱ፣ የልጁ ቁመት መጨመሩ ሁሉ ይናገራል።

ሰዎች ይበልጥ የሚቸገሩበት የሌለን ሰው ፎቶ ማንሳት ነው። መንገዱ የቀረውን በትክክል ማሳየት ነው፤ ዕቃው፣ ቦታው፣ በሌላው ሰው ገላ ላይ የቀረው መልክ። ሐረር ለዚህ ሥራ የተለየች ናት። እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በጀጎል፣ በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ የአደሬ ቤት ዋና ክፍል በተለያየ ከፍታ የተደራረቡ ነደባዎች (የመቀመጫ መደቦች) አሉት። ማን የት እንደሚቀመጥ በዕድሜና በክብር የታወቀ ስለሆነ፣ የቤቱ ትልቅ ሰው የሚቀመጥበት ነደባ ባዶ ሆኖ ልጆቹ ዝቅ ባለው ላይ ተቀምጠው ሲታዩ ፎቶው ማን እንደጎደለ ያለ ጽሑፍ ይናገራል። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ስፌቶችም የሴቶች እጅ ሥራ ናቸው፤ ከእናት ወደ ልጅ ያልፋሉ። የሟችን ስፌት ብቻውን አውርዶ በነጭ ጨርቅ ላይ አስቀምጦ ማንሳት ብዙዎች የሚሠሩት ስሕተት ነው። የሙዚየም ዕቃ ይመስላል። ከተሰቀለበት ሳይነሳ፣ ከጎኑ ያሉት ጭምር፣ ከተቻለም አሁን የምትወለውለው ሰው እጅ አብሮ ሲገባ ነው ዝምድናው የሚታየው።

ብርሃኑን በተመለከተ፣ የቆዩት ቤቶች ግድግዳቸው ወፍራም ስለሆነ ዋናው ክፍል ብርሃን የሚያገኘው ባብዛኛው ከግቢው በበሩ በኩል ነው። ይህ ለፊት ፎቶ እጅግ የተመቸ ብርሃን ነው። ፍላሽ ይጥፋ። የሚነሳው ሰው ከበሩ 1 ወይም 2 ሜትር ወደ ውስጥ ገባ ብሎ በጎኑ ለበሩ ይቀመጥ። አይኤስኦ (የካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ከ800 እስከ 1600፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) ኤፍ 2 ወይም 2.8፣ ሸተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) ለተቀመጠ ሰው ከ1/60 ሰከንድ ያልዘገየ፣ ለሚንቀሳቀስ ሕፃን 1/250 ያህል። ቀይ የተቀባ ወለልና ግድግዳ ግን ብርሃኑን ቀይ አድርጎ ፊት ላይ ይመልሳል። በሮው (ካሜራው ሳያቀናብር በሚያስቀምጠው ፋይል) ማንሳትና በመጀመሪያው ፎቶ ላይ የቀለም መለኪያ የሚሆን ግራጫ ካርድ ማስያዝ በኋላ ለማረም ይረዳል። በለበሱት ነጠላ ነጭነት ቀለም ማስተካከል አያስተማምንም፤ የልብስ ሳሙናዎች ነጭን ወደ ሰማያዊ የሚስብ ማድመቂያ አላቸው። እርማቱም ሙሉ መሆን የለበትም፤ ቀይነቱ የቤቱ ነው፣ ጥቂቱ ይቅር።

ድሬዳዋ ላይ ችግሩ ተቃራኒ ነው። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9.6 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች፣ በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንትና በነሐሴ መገባደጃ የእኩለ ቀን ፀሐይ ልክ ከአናት ላይ ትሆናለች። በዚያ ብርሃን ዓይን በግንባር ጥላ ይጠፋል፤ ያዘነ ሰው ደግሞ የተቆጣ ይመስላል። ውጭ የሚነሳው ከጠዋቱ 1 እስከ 2፡30፣ ከዚያም ከ10፡30 እስከ 12 ሰዓት ነው። መካከሉ ለበረንዳና ለቤት ውስጥ ይተው።

ስልክ ይበቃል ወይ? ይበቃል፣ ሦስት ነገር ከተጠበቀ። የፊት ማሳመሪያው ይጥፋ፤ የእናትን የፊት መስመር የሚያጠፋ ማሽን የሥራውን ጉዳይ ራሱን ያጠፋል። በሰፊው ሌንስ ከፊት መጠጋት አፍንጫን ያገዝፋል፣ ጆሮን ወደ ኋላ ይሸሽጋል፤ በ2 እጥፍ ሌንስ ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ርቆ ማንሳት ይሻላል። ጀርባን የሚያደበዝዘው ስልትም ይቅር፤ የፀጉርና የሻሽን ጠርዝ ይቆርጣል፣ ከኋላ ያለውን ቤትም ይደመስሳል።

እናትነትን በሚመለከት ሥራ አንሺዋ ብዙ ጊዜ እናቲቱ ራሷ ናት። በአብዛኛው ቤት እናት በፎቶ ውስጥ የለችም፤ ወይ ማጀት ናት፣ ወይ ካሜራውን የያዘችው እሷ ናት። መፍትሔው ማቆሚያና በየተወሰነ ጊዜ ራሱ የሚያነሳ አሠራር ነው። በየ30 ሰከንዱ አንድ፣ ለ20 ደቂቃ ቢነሳ 40 ፎቶ ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ ሁልጊዜ የተጨነቁ ናቸው፤ እናት ካሜራውን ትጠብቃለችና። ጥሩው የሚመጣው ልጁ አልቅሶ ካሜራው ሲረሳ ነው። ፎከሱ ልጁ በሚተኛበት ቦታ ላይ አስቀድሞ ይቆለፍ፣ አለዚያ ካሜራው በየጊዜው ከኋላ ያለውን መጋረጃ ይይዛል። አራስና ጨቅላ ለእንግዳ ዓይን የማይገለጥበት ቤት ብዙ ነው፤ ይህ መከበር አለበት። እጅ፣ መታቀፊያ ጨርቅ፣ የገንፎው ሳህን፣ የተዘጋው መጋረጃ የ40ውን ቀን ነገር ፊት ሳያሳዩ ይናገራሉ።

ያስወረዳት ወይም ልጇ ሞቶ የተወለደባት እናት ሐዘን ደግሞ የተለየ ነው። ብዙ ቤት ድንኳን አይጣልለትም፣ «ሌላ ትወልጃለሽ» ይባልና ይታለፋል። የግል ፎቶ ሥራ እዚህ ላይ ትልቅ ቦታ አለው፤ ለቅሶ ያልተቀመጡለትን ሐዘን የሚታይ ያደርገዋልና። ከልጁ የቀረው ብቸኛ ምስል የአልትራሳውንድ ወረቀቱ ሊሆን ይችላል። ይህ ወረቀት የሚታተመው በሙቀት ስለሆነ በሙቀትና በብርሃን ይለወጣል፤ በድሬዳዋ ሙቀት በቦርሳ ወይም በመስኮት አጠገብ መቀመጥ የለበትም። ሳይውል ሳያድር ስካን ይደረግ። ላሚኔት ማድረግ ፈጽሞ አይገባም፤ የማሽኑ ሙቀት ወረቀቱን ያጠቁረዋል።

ከዚህ ሥራ ግማሹ ደግሞ አዲስ ማንሳት ሳይሆን የቆየ ፎቶን መልሶ ማንሳት ነው። በለቅሶ ላይ ታቅፎ የሚለቀስበት ትልቁ ፎቶ ብዙ ጊዜ ከመታወቂያ ጉርድ የተጎላ ነው። 3 በ4 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጉርድ በ1200 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 1200 ነጥብ) ስካን ቢደረግ 1417 በ1890 ፒክስል ያህል ይወጣዋል። ይህም በ300 ዲፒአይ 12 በ16 ሴንቲ ሜትር ጥርት ብሎ ይታተማል፤ በ150 ደግሞ 24 በ32 ይደርሳል፣ ከሩቅ ለሚታይ ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲጎላ የሚጨመረው መረጃ ሳይሆን የወረቀቱ ሸካራነትና የማኅተሙ ቀለም ነው። በኮምፒውተር ፊቱን «ማደስ» በሟች ላይ የሌላ ሰው ዓይን መትከል ስለሚሆን ይቅር። የማኅተሙ ቅሪት በግንባሩ ላይ ቢታይ ነውር የለውም፤ ፎቶው ከየት እንደመጣ ይመሰክራል።

ስካነር ከሌለ ፎቶው ጥላ ባለበት በረንዳ ላይ ጠፍጣፋ ይቀመጥ፣ ካሜራው ከላይ ልክ ትይዩ ይሁን፤ አራቱም ጠርዞች በእኩል ካልታዩ ካሜራው አዘንብሏል ማለት ነው። ከመስታወት ጋር የተጣበቀ ፎቶ በኃይል አይላቀቅም፤ ምስሉን የያዘው ሽፋን መስታወቱ ላይ ይቀራል። መስታወቱን አጽድቶ፣ ካሜራው መሃሉ ለሌንሱ በተቀደደ ጥቁር ጨርቅ ተከልሎ ከነመስታወቱ ይነሳ።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ድሬዳዋን በመታ ጊዜ ከ250 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ጎርፍ ከሰው ጋር የሰውን መልክም ይወስዳልና፣ የረጠበ ፎቶ እንዴት እንደሚተርፍ ማወቅ የዚህ ሥራ አካል ነው። ተደራርበው የረጠቡ ፎቶዎች እንደተጣበቁ ከደረቁ አይላቀቁም። ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ተነክረው አንድ በአንድ ይለያዩ፣ ጭቃው ሳይታሽ በውኃው ይለቅ፣ ፊታቸው ወደ ላይ ሆኖ በጥላ ይድረቁ። ከ48 ሰዓት በላይ በውኃ አይቆዩ፤ የምስሉ ሽፋን ይሟሟል።

ውኃ በሌላም መንገድ ፎቶን ያጠፋል። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ሬምቦ ሐረር በነጋዴነት ሲኖር ካሜራ ከሊዮን አስመጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1883 የገዛ ራሱን ፎቶዎች ለእናቱና ለእህቱ ልኳል፤ አንዱ በቤቱ ሰገነት ላይ፣ ሌላው በቡና ተክል መካከል፣ ሦስተኛው እጁን አጣምሮ በሙዝ ተክል ውስጥ ቆሞ። ያጠበባቸው ውኃ መጥፎ ስለነበረ ፎቶዎቹ እንደነጡ በደብዳቤው ጽፏል። ለዚህ ጽሑፍ ዋናው ነገር ግን ፎቶዎቹ የተነሱት ለማን እንደሆነ መታወቁ ነው። ርቆ ያለ ልጅ ለእናቱ «እዚህ ነው የቆምሁት» ይላል። የግል ሥራ ተቀባዩ አንድ ሰው እንደሆነ ሲታወቅ የሚነሳውም የሚቀረውም ይለያል።

ፈቃድ አንድ ጊዜ ተጠይቆ የሚያልቅ አይደለም። ከማንሳት በፊት፣ ፎቶው ከታየ በኋላ፣ ከቤት ውጭ ከመውጣቱ በፊት፤ ሦስት ጊዜ ይጠየቃል። ሦስተኛው ላይ «አይሆንም» የሚለው ብዙ ነው፤ መልሱም ይከበራል። በሙስሊም ቤት እናት ያለ ሻሽ የተነሳችበት ፎቶ ለቤተሰብ ብቻ የተፈቀደ ሊሆን ይችላል፤ ከሟች ፈቃድ መጠየቅ ስለማይቻል በሕይወት ሳለች ለማን ትገለጥ እንደነበር ልጆቿ ይጠየቁ። ሙሾው በሚወርድበት ሰዓት ካሜራ አይነሳ። ስለ ልጆች ደግሞ አሜሪካዊቷ ሳሊ ማን የገዛ ልጆቿን ፎቶዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ባሳየች ጊዜ የተነሳው ክርክር እስካሁን አልበረደም፤ የሕፃን እሺታ የአዋቂ እሺታ አይደለምና። ራቁት ወይም በሕመም ያለ ልጅ ፎቶ ከቤት ባይወጣ ይመረጣል።

ምርጫው ከማንሳቱ ይከብዳል። ከብዙ መቶው 60 ያህሉ በርካሽ ወረቀት 10 በ15 ይታተሙ፣ ወለል ላይ ይደርደሩ፣ ሁለት ሳምንት ይቆዩ። አንድ ነገር የሚሉ ሁለት ፎቶዎች ካሉ አንዱ ይወጣል። ያለ ማብራሪያ የማይገባም ይወጣል። የሚያስለቅሰው ፎቶ መጨረሻ ላይ ይደረግ የሚለው ሐሳብ ቶሎ ይመጣል፤ መሃል ላይ ቢሆን ግን ከኋላው የሚመጡት ተራ ፎቶዎች፣ የታጠበ ልብስና የተከፈተ በር፣ ሌላ ክብደት ያገኛሉ። ከ15 እስከ 20 ከቀረ በቂ ነው።

የመጨረሻዎቹ በማይነጣ ፒግመንት ቀለም፣ አንጸባራቂ ባልሆነ ወረቀት ይታተሙ። ስምና ቀን ከጀርባ በለስላሳ እርሳስ ይጻፍ፤ እስክሪብቶ ወረቀቱን ይጫናል፣ ቀለሙም ወደ ፊት ይዘልቃል። ገጹ ሙጫ ያለው አልበም ይቅር፣ ሙጫው ውሎ አድሮ ፎቶውን ያበላሻል። ዲጂታሉ በሦስት ቅጂ ይያዝ፤ አንዱ ሌላ ሰፈር፣ በዘመድ ቤት ይቀመጥ፣ በተለይ ቤቱ ለደቻቱ የቀረበ ከሆነ።