የሚጥል በሽታን የሚገቱ ተቀባይ ዘጊ መድኃኒቶች፦ በእንስሳት ላይ የተደረገ ምርምር

የአንጎል ነርቮች መልእክት የሚለዋወጡት በኬሚካል ነው። ዋናው ቀስቃሽ ግሉታሜት ይባላል፤ ሪሴፕተር በሚባሉት ተቀባዮች ላይ ሲያርፍ ነርቩን ያነቃቃዋል። የሚጥል በሽታ የሚነሳው ብዙ ነርቮች ባንድ ጊዜ ከልክ በላይ ሲነቃቁ ነውና፣ ተቀባዩን ዘግቶ ግሉታሜትን ማረፊያ ማሳጣት በሽታውን ይገታል ተብሎ ታሰበ። እ.ኤ.አ. በ1982 ብሪያን ሜልድረምና ባልደረቦቹ ሐሳቡን ኃይለኛ ድምፅ ሲሰሙ በሚንፈራገጡ ትናንሽ አይጦች ላይ ሞከሩት፤ መድኃኒቱ አንጎላቸው ውስጥ የተሰጣቸው ከመንፈራገጥ ዳኑ።

ከዚያ ትኩረቱ ኤንኤምዲኤ ወደተባለው የግሉታሜት ተቀባይ ዞረ። ኤምኬ-801 የተባለው ዘጊ ብዙ ተስፋ ተጣለበት፤ ሆኖም በ1989 ጆን ኦልኒና ባልደረቦቹ መድኃኒቱ በአይጠመጎጥ አንጎል ሕዋሳት ውስጥ ባዶ ቀዳዳዎች እንደሚፈጥር አሳዩ።

ዋናው ጥያቄ ግን የትኛው እንስሳ ይመርመር የሚለው ነው። ጤነኛ አይጥን በኤሌክትሪክ አንፈራግጦ መድኃኒት መሞከር ፈጣንና ርካሽ ነው፤ አንጎሉ ግን የታማሚ አንጎል አይደለም። «ኪንድሊንግ» በተባለው ዘዴ አይጠመጎጡ በየቀኑ ለአፍታ ደካማ ኤሌክትሪክ አሚግዳላ በተባለው የአንጎሉ ክፍል ላይ ይደርሰዋል። መጀመሪያ ፊቱ ብቻ ይርገበገባል፤ ቀናት ሲያልፉ ራሱን ይነቀንቃል፣ የፊት እግሮቹ ይንቀጠቀጣሉ፣ በመጨረሻ በኋላ እግሮቹ ቆሞ ይወድቃል። የኤንኤምዲኤ ዘጊዎች ይህ ለውጥ እንዲዘገይ ቢያደርጉም፣ አንዴ ሥር ከሰደደ በኋላ እምብዛም አልረዱም። ይባስ ብሎ፣ በ1991 ቮልፍጋንግ ሎሸርና ዳግማር ሆናክ እንዳሳዩት፣ የመድኃኒቶቹ ጎጂ ባሕርይ በእነዚህ እንስሳት ከጤነኞቹ ይልቅ በርትቶ ታየ።

በሰው ላይም ያው ሆነ። በ1993 በታተመ ጥናት ዲ-ሲፒፒ-ኢን የተባለውን ዘጊ የወሰዱት 8 ታማሚዎች በሙሉ በጎንዮሽ ጉዳት ምክንያት አቋረጡ። ጤነኛውን አይጥ ብቻ ያየ ሰው ይህን ሊገምት አይችልም ነበር።

አምፓ የተባለውን ሌላውን ተቀባይ የሚዘጋው ፔራምፓኔል የተሻለ ዕድል ገጠመው፤ በ2012 በአውሮፓና በአሜሪካ ተፈቀደ። ቁጣና ጠበኝነት ሊያመጣ ይችላል የሚል ማስጠንቀቂያ ግን አለበት።

የኤንኤምዲኤ ታሪክም ጨርሶ አልተዘጋም። መንፈራገጡ ሳያቋርጥ ሲራዘም ነርቮችን የሚያረጋጉት የጋባ ተቀባዮች ወደ ሕዋሱ ውስጥ ይሰወራሉ፤ የኤንኤምዲኤዎቹ ደግሞ ወደ ሕዋሱ ገጽ ይወጣሉ። በጋባ ተቀባዮች በኩል የሚሠራው ማረጋጊያ መድኃኒት ዳያዜፓም የሚደክመው በዚህ ሰዓት ነው። የኤንኤምዲኤ ዘጊ የሆነው ኬታሚን ግን ተቃራኒ ነው፦ በአይጠመጎጦች ላይ መንፈራገጡ በጀመረ በ15 ደቂቃ ሲሰጥ አልሠራም፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲሰጥ አስቆመው።