«ሰላማዊ ገጠር» የሚባለው ሥዕል፦ ስለ ሚሌ ፓስቴሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ዣን ፍራንሷ ሚሌ ከ1849 ጀምሮ በ1875 እስኪሞት ድረስ ከፓሪስ ደቡብ ምሥራቅ 60 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በባርቢዞን መንደር ኖሯል (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1860ዎቹ አጋማሽ የዘይት ቀለሙን ገሸሽ አድርጎ በፓስቴል፣ ማለትም ከቀለም ዱቄት በተድቦለቦለ ደረቅ ቀለም፣ መሥራት አበዛ። እረኞቹ፣ እርሻውና የክረምቱ ሜዳ ዛሬ በፖስት ካርድና በቀን መቁጠሪያ ላይ ይዞራሉ። አብሯቸው የሚዞረው ወሬ ግን ግማሹ ስለ ቀለሙ፣ ግማሹ ስለ አገሩ የተሳሳተ ነው።

«ፓስቴል የልጆች ጠመኔ ነው፤ ደብዛዛ ነው»

መልኩ ጠመኔ ስለሚመስል ነው እንዲህ የሚባለው። የቀለሙ ዱቄት ግን በዘይት ቀለም ውስጥ ካለው ጋር አንድ ነው፤ ልዩነቱ ማጣበቂያው ላይ ነው። ለዘይት ቀለም ዱቄቱ በተልባ ዘይት ይለወሳል፤ ለፓስቴል ደግሞ በጥቂት የሙጫ ውሃ ታሽቶ፣ በጣት ውፍረት ተድቦልቡሎ ይደርቃል። ነጭ ዱቄት ሲበዛበት ይፈዛል፣ ሲቀነስለት ይደምቃል። ምርጫው የሠዓሊው ነው።

ማስረጃ ለሚፈልግ በቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ያለውና ሚሌ በ1867 እና 1868 የሠራው የሜዳ አበባ ሥዕል አለ። ሰማይ የለውም፤ አድማስም የለውም። ሠዓሊው በደረቱ የተኛ ይመስል ዓይኑን ሣሩ ሥር አውርዶ፣ ልጆች እፍ እያሉ የሚበትኑትን ያንን አረም በየዕድሜው ያሳየናል፤ አንዱ በቢጫ አበባው ፈክቷል፣ ሌላው ነጭ ድቡልቡል ዘር ሆኗል። ከኋላው ያለው አረንጓዴ ወደ ጥቁር ያደላል፤ ነጩ ዘር ከዚያ ጨለማ ውስጥ ብቅ ይላል። ጭረቶቹ በጣት ተፈግፍገው አልተዋሃዱም፤ ለየብቻቸው ቆመዋል፣ በመካከላቸውም የወረቀቱ ቀለም ይታያል። ይህን ደብዛዛ የሚል ሰው ሥዕሉን ያየው በመጥፎ ኅትመት መሆን አለበት።

«ቶሎ ይጠፋል»

ሠዓሊው ሞሪስ ካንታን ደ ላ ቱር በ1755 ለሕዝብ ያቀረበው የማዳም ደ ፖምፓዱር ምስል ፓስቴል ነው፤ ዛሬም በፓሪሱ ሉቭር ሙዚየም አለ። ፓስቴል እንደ ዘይት ቀለም አይወይብም፣ አይሰነጠቅም። ጠላቶቹ ንክኪ፣ ንዝረትና ኃይለኛ ብርሃን ናቸው። ሙዚየሞች ከመስተዋት በስተኋላ፣ በደብዛዛ ክፍል፣ ለአጭር ጊዜ ብቻ የሚያሳዩትም ስለዚህ ነው።

«ንድፍ እንጂ የተጠናቀቀ ሥዕል አይደለም»

ኤሚል ጋቬ የተባለ የፓሪስ አርክቴክት ከ1865 ገደማ ጀምሮ ሚሌን በገንዘቡ ፓስቴል ያሠራው ነበር። ሰው ለንድፍ እንዲህ አይከፍልም። ሚሌ በሞተበት ዓመት የጋቬ ስብስብ ፓሪስ ላይ ለጨረታ ሲቀርብ፣ ያኔ የ22 ዓመት የሥዕል መደብር ተቀጣሪ የነበረው ቪንሰንት ቫን ጎግ ገብቶ አየው። ለወንድሙም ሙሴ በቍጥቋጦው ፊት የሰማውን ቃል ጠቅሶ ጻፈ፤ የቆምክባት ስፍራ የተቀደሰች ናትና ጫማህን ከእግርህ አውጣ የሚለውን።

«ሜዳ ላይ ቆሞ፣ እያየ የሣለው ነው»

ይህ ለኖርማንዲው ሠዓሊ ዩጂን ቡደን ይሠራል። ቡደን የሰማይ ፓስቴሎቹን ደጅ ላይ እየሠራ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ነፋሱን ይመዘግብ ነበር፤ ባለቅኔው ቦድሌር በ1859 አይቶ ተደንቆበታል። ሚሌ ግን ሜዳው ላይ ተመላልሶ፣ ጥቂት ጫር ጫር አድርጎ፣ ቤቱ ገብቶ በአብዛኛው ከትዝታው ይሠራ ነበር።

«ጫካው ሰው ያልነካው ጫካ ነው»

ከሁሉ የሚገርመኝ ይህ ነው። ከባርቢዞን ጀርባ ያለው የፎንተንብሎ ጫካ ለብዙ መቶ ዓመታት የነገሥታት ማደኛ ነበር። በእነ ሚሌ ዘመን ከአለቶቹ የፓሪስ መንገድ የሚነጠፍበት ድንጋይ ይፈለጥ ነበር። ከ1830ዎቹ ጀምሮ የደን አስተዳደሩ በሰፊው ጥድ አስተከለ፤ ያረጁ የባሉጥ ዛፎችም ይቆረጡ ነበር። ደንኩር የተባለ የናፖሊዮን ዘመን ወታደር ከ1842 ጀምሮ የእግር መንገድ እያወጣ አለቱን በሰማያዊ ቀስት ምልክት ያደርግ ነበር። በ1849 ደግሞ ባቡሩ ደረሰና የፓሪስ ሕዝብ ለእሑድ ሽርሽር ይጎርፍ ጀመር።

የሚሌ ወዳጅና ጎረቤት የነበረው ሠዓሊ ቴዎዶር ሩሶ ዛፎቹ እንዳይቆረጡ በ1852 ለአገሩ መሪ ለናፖሊዮን ሣልሳዊ አቤት አለ። በ1853 624 ሄክታር ከመቆረጥ ተጠበቀ፤ በ1861 በወጣ ድንጋጌ ጥብቁ ቦታ 1,097 ሄክታር ሆነ። አሜሪካ እንኳ የሎውስቶንን ብሔራዊ ፓርክ ያደረገችው ከዚህ በኋላ፣ በ1872 ነው። ስለዚህ በጫካው ሥዕሎች የሚታየው ግዙፍ ዛፍ የቆመው ሰው ስላልደረሰበት ሳይሆን ሰው ስለተከራከረለት ነው።

ክርክሩ ግን ሁሉንም አልጠቀመም። የ1827ቱ የደን ሕግ በመላ ፈረንሳይ የገጠሬውን ማገዶ የመልቀምና ከብት የማሰማራት መብት አጥብቦ ነበር። ሚሌ ደጋግሞ የሣላቸው፣ ጭራሮ ተሸክመው ጎብጠው የሚሄዱት ሴቶች ከዚሁ ጫካ የሚወጡ ናቸው።

«ሜዳው የጸጥታና የጥጋብ አገር ነው»

ሚሌ ራሱ ባርቢዞን የገባው ሸሽቶ ነው። ፓሪስ በ1848 አብዮት ታምሳ፣ በዓመቱ ኮሌራ ገብቶባት ነበር። የደረሰበት፣ በባርቢዞን አጠገብ ያለው የሻዪ መንደር ሜዳ ደግሞ የትልልቅ ባለ እርሻዎች የስንዴ አገር ነው። በ1857 በዘይት ቀለም ባሳየው የቃራሚዎች ሥዕል ከፊት ሦስት ሴቶች ጎንበስ ብለው ቃርሚያ ይለቅማሉ፤ ከኋላ ክምሩ እንደ ተራራ ቆሟል፣ በስተቀኝ በሩቁ ፈረስ ላይ የተቀመጠ ተቆጣጣሪ አለ። በሥዕሉ ውስጥ ጥጋብ አለ፤ የሴቶቹ ግን አይደለም። የዘመኑ ተቺዎች የአብዮት ጥሪ አድርገው አዩት። ሚሌ የፖለቲካ ሰው አልነበረም፤ ይልቅ መጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ ነበር፣ ቀደም ብሎ በ1853 ያቀረበው የአጫጆች ሥዕልም የሩትና የቦዔዝ ታሪክ ነው። ቢሆንም የተቺዎቹ ድንጋጤ፣ ዛሬ ሥዕሉን ለወጥ ቤት ማስዋቢያ ከሚሰቅሉት ሰዎች ይልቅ ወደ እውነቱ የቀረበ ይመስለኛል።

«የሚታየው ማማ የባርቢዞን ቤተ ክርስቲያን ነው»

ባርቢዞን በዚያ ዘመን የራሷ ደብር አልነበራትም፤ እስከ 1903 በሻዪ ሥር ያለች ትንሽ መንደር ነበረች። በስመ ጥሩው የሚሌ የምሽት ጸሎት ሥዕል አድማስ ላይ የሚታየው ማማ የሻዪ ነው። ሚሌና ሩሶም የተቀበሩት እዚያው ሻዪ ነው።