የድሮው «ኬ ዚልጂያን» ሲምባል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጃዝ የሚወዱ ድራመሮች ስለ ድሮ ሲምባል ማውራት ከጀመሩ፣ ጨዋታው ዞሮ ዞሮ ኢስታንቡል ይሠሩ ወደነበሩት «ኬ ዚልጂያን» ሲምባሎች (ከድራም ጋር የሚመቱ ክብ የነሐስ ሳህኖች) መድረሱ አይቀርም። ታላላቆቹ የጃዝ ድራመሮች አርት ብሌኪ፣ ኤልቪን ጆንስ፣ ሜል ልዊስና ቶኒ ዊሊያምስ የተጫወቱት በነዚህ ነው። ዝናቸው ሲያንሳቸው እንጂ አይበዛባቸውም። ዝናውን ተከትሎ የመጣው ተረት ግን የሠሪዎቹን ሙያ ይሸፍናል፤ ለዚህ ነው ማጥራት የሚያስፈልገው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«ድምፁ ያማረው ወርቅ ስለተቀላቀለበት ነው»

ወሬው ከየት እንደመጣ መገመት አይከብድም። የዚልጂያን ቤተሰብ ታሪክ እንደሚለው፣ ቁስጥንጥንያ (የዛሬዋ ኢስታንቡል) ይኖር የነበረ አቬዲስ የሚባል አርመናዊ በ1618 ሌላ ማዕድን ወደ ወርቅ ለመለወጥ ሲሞክር ነው ቅይጡን ያገኘው። ወርቅ አልወጣለትም። የወጣለት 80 በመቶ ገደማ መዳብ፣ 20 በመቶ ገደማ ቆርቆሮ ያለበት ነሐስ ነው፤ ብር ቢኖርበትም እጅግ ጥቂት ነው። ይህ ልኬት ዛሬ ማንም የሚያውቀው ነገር ነው። የቤተ ክርስቲያን ደወል የሚቀለጠውም ከዚሁ ጋር ከሚቀራረብ ነሐስ ነው።

ከባዱ አያያዙ ነው። ቆርቆሮው ይህን ያህል ሲበዛ ነሐሱ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል፤ ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ በኋላ በመዶሻ ቢመቱት ይሰነጠቃል። ስለዚህ እንደጋለ ተዳምጦ ይሳሳል፣ በመጨረሻም ግሎ በቅጽበት ውኃ ውስጥ ይነከራል። ቢላዋ የሚሠራበት ብረት ሲነከር ይጠነክራል፤ ይህ ነሐስ በተቃራኒው ይለዝባል። መዶሻ የሚችለው ያኔ ነው። ከዚያ በእጅ ይቀጠቀጣል፣ በቶርኖ ይላጋል። ስንት ጊዜ ማጋል፣ የቱ ጋ መምታት፣ መቼ ማቆም እንደሚገባ ማወቅ፦ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረው ምስጢር ይኸው ነው። ወርቅ አለበት ብሎ ማውራት ያን ሁሉ የእጅ ዕውቀት መካድ ይመስለኛል።

«ኬ የአሜሪካው ኤ ዚልጂያን ተቀጥላ ነው»

ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። «ኬ» ኬሮፔ ነው፤ ወንድሙ ዳግማዊ አቬዲስ በ1865 ሲሞት ሥራውን የተረከበው ሰው። «ኤ» ደግሞ ሣልሳዊ አቬዲስ ነው። እሱ አሜሪካ ተሰዶ ቦስተን አካባቢ ከረሜላ እየሠራ ይኖር ነበር። አጎቱ አራም በ1927 ደብዳቤ ጽፎ የቤተሰቡን ሙያ እንዲረከብ ጠየቀው፤ በ1929 ኩዊንሲ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ፋብሪካ ተከፈተ። የኢስታንቡሉ ቤት ግን ሥራውን አላቆመም። በዚህ ምክንያት አንድ የቤተሰብ ስም የያዙ ሁለት ሲምባሎች አሜሪካ ገበያ ላይ ለአሥርት ዓመታት ተፎካከሩ፤ የኢስታንቡሉን የሚያስመጣው ድራም ሠሪው ግሬች ነበር። በ1968 የአሜሪካው ዚልጂያን የኬን ስም ገዛ።

«የቱርክ ሲምባል» መባሉም ግማሽ እውነት ነው። አገሩ ቱርክ ነው፤ ቤቱን መሥርቶ ለትውልድ የመራው ግን የአርመን ቤተሰብ ነው። እኛም አርመኖችን በሙዚቃ በኩል በደንብ እናውቃቸዋለን። በ1924 ከኢየሩሳሌም አዲስ አበባ የገቡት ሙዚቀኞቹ አርባ ልጆች በዚያው በኦቶማን ግዛት ከደረሰው እልቂት የተረፉ የአርመን ልጆች ናቸው።

«ድምፁ የጠለቀው ስላረጀ ነው»

ይህ ወሬ ገበያውን ያስወድዳል እንጂ ታሪኩ አይደግፈውም። ቶኒ ዊሊያምስ በ1963፣ በ17 ዓመቱ፣ ማይልስ ዴቪስ ባንድ ሲገባ፣ ኤልቪን ጆንስ ከጆን ኮልትሬን ጋር ሲቀዳ፣ የኢስታንቡል ኬ ገና በአዲስነቱ የሚሸጥ ዕቃ ነበር። ዛሬ ዕድሜ ያመጣው የሚመስለን ድምፅ ያኔም ነበረ። ያመጣው ቅጥቀጣው ነው። በእጅ ሲመታ የመዶሻው ምልክት አንዱ ይጠልቃል አንዱ ይቀላል፣ አንዱ ይሰፋል አንዱ ይጠባል። ያ አለመመጣጠን ጩኸቱን ያበርደዋል፣ ድምፁን ደረቅና ውስብስብ ያደርገዋል።

ይኸው አለመመጣጠን ሌላም መዘዝ አለው፤ ሁሉም የድሮ ኬ ጥሩ አይደለም። ሁለት አንድ ዓይነት ሲምባል አይገኝም። አንዱ ያስደንቃል፣ ሌላው የታፈነ ወይም የተጣመመ ይሆናል። ድራመሮች ብሩክሊን ወደሚገኘው የግሬች ሕንፃ ሄደው ከክምሩ እያነሱ፣ አንድ በአንድ እየመቱ ይመርጡ የነበረው ለዚህ ነው። ዛሬ ድምፁን ሳይሰማ ፎቶ ብቻ አይቶ ብዙ ሺህ ዶላር የሚከፍል ሰው ያሳዝነኛል።

«ለጃዝ ተብሎ የተሠራ ነው»

ቤቱ በ1623 ሲቋቋም ጃዝ የለም። ሲምባሎቹ ለሱልጣኑ ጦር ሙዚቀኞች ነበሩ፣ ቀጥሎ የአውሮፓ ኦርኬስትራዎች መጡ። ጃዝ የደረሰው መጨረሻ ላይ ነው።

«ኢስታንቡል የሚል ማኅተም ካለው የድሮ ኬ ነው»

የጥንቶቹ ማኅተም «ኮንስታንቲኖፕል» (ቁስጥንጥንያ) ይላል፤ «ኢስታንቡል» የመጣው የከተማዋ ስም በ1930 በይፋ ከተለወጠ በኋላ ነው። ዛሬ ግን ኢስታንቡል የሚለውን ስም የያዙ ሌሎች ሲምባል ሠሪዎች አሉ፤ ዚልጂያን ራሱም ማሳቹሴትስ ውስጥ «ኬ ኮንስታንቲኖፕል» የሚባል አዲስ ምርት ይሠራል። እነዚህም ጥሩ ናቸው፣ የድሮዎቹ ግን አይደሉም። ገዢ ማኅተሙን ሙሉውን ያንብብ፣ ያስመዝን፣ ከሁሉ በላይ መትቶ ይስማ።

«የኢስታንቡሉ ቤት ሲዘጋ ሙያው አብሮ ሞተ»

በ1970ዎቹ መጨረሻ የኢስታንቡሉ ቤት በእርግጥም ተዘጋ። የኬ ሥራ ሜዳክቲክ ወደምትባል የካናዳ መንደር ተዛወረ፤ ያን ፋብሪካ የያዘው የሣልሳዊ አቬዲስ ልጅ ሮበርት ዚልጂያን ከወንድሙ ተለይቶ በ1981 ሴቢያን የተባለውን ሲምባል ሠሪ ኩባንያ መሠረተ። የኬ ስም አሜሪካ ቀረ፣ ሲምባሉም ኖርዌል፣ ማሳቹሴትስ ይሠራ ጀመር። ኢስታንቡል የቀሩትስ? ከልጅነታቸው ጀምሮ በኬ ቤት የሠለጠኑት አጎፕ ቶሙርጁክና መህመት ታምዴር አብረው የራሳቸውን መሥሪያ ከፈቱ። አጎፕ በ1996 ሲሞት ቤቱ ኢስታንቡል አጎፕና ኢስታንቡል መህመት ተብሎ ለሁለት ተከፈለ፤ ሁለቱም እስከ ዛሬ ነሐሱን በእጅ ይቀጠቅጣሉ።